የአሮጌ አይሱዙ ሞተር ለመቀየር ሲያስቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሮጌ ኤን ፒ አር (የአይሱዙ የጭነት መኪና) ያለው ሰው አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይመጣበታል፦ ሞተሩ ይታደስ፣ ይቀየር ወይስ መኪናዋ ትሸጥ? ብዙዎች ሞተሩ ሳይመረመር ይወስናሉ፤ ገንዘቡ የሚባክነውም እዚያ ላይ ነው።

ጉልበት ቀነሰች ብሎ በሞተሩ ላይ መፍረድ። እንደ 4ኤችኤፍ1 ያለ ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የኤን ፒ አር ሞተር በየ300 ሜትር ከፍታው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጠው አዲስ አበባ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት አንድ አምስተኛው የለም ማለት ነው። አየሩ ሲሳሳ ናፍጣው በደንብ አይነድምና ጥቁር ጭስም ይመጣል። ጥቁር ጭስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአየር ፊልትሮ፣ የኢንጀክተር (ናፍጣ የሚረጨው) ወይም የናፍጣ ፖምፓ ጉዳይ ነው። ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን የሚናገረው ሰማያዊው ነው።

ሞተሩ እየሠራ የዘይት መክደኛውን ይክፈቱ። ጭሱ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ካሚቻው (ፒስተኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር) ሳይበላ አልቀረም። ከዚያ የአራቱም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (አየሩን የማመቅ ኃይሉ) ይለካ። ሁሉም አንድ ላይ ዝቅ ካሉ ሞተሩ ደክሟል፤ አንዱ ብቻ ከወደቀ ግን ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ) ሊሆን ስለሚችል ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) አውርዶ በመሥራት ሊያልቅ ይችላል። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ቢገኝ ውኃ ገብቶበታል። እሱም ቢሆን ብሮንዚኑ (ኮሎው፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ የሚዞርበት መደገፊያ) ሳይበላ ከተደረሰበት ሞተር አያስቀይርም። ይህን ሁሉ ሳይለካ «ይውረድ» የሚል መካኒክ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

የድሮውን ሞተር የገደለውን ሳያውቁ ሌላ ማስገባት። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ራዲያተሩ በዝገት ከተደፈነ አዲሱም ሞተር በዚያው መንገድ ይሄዳል። ጋራዦቻችን ውስጥ መኪና ስትሞቅ ተርሞስታቱን (የሞተሩን ውኃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን) አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው። ሞተሩ በደጋው ብርድ ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ እየሠራ ናፍጣ ይበላል፣ ቶሎም ያልቃል። የአባይ በረሃን ዳገት ተጭና ስትወጣ ግን መሞቋ አይቀርም፤ ጥፋቱ ድሮም የራዲያተሩ ነበርና። ስለዚህ ሞተር ሲገዙ ራዲያተሩን ማሳጠብ ወይም መቀየር፣ የውኃ ፖምፓውን ማየት፣ ተርሞስታቱን መመለስና የናፍጣ ታንከሩን ማጠብ እዚያው በጀት ውስጥ ይግቡ።

ቀለሙን አይቶ ያገለገለ ሞተር መግዛት። የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ላይ ቀለም ተቀብቶ የሚያብረቀርቅ ሞተር ሳይ እጠራጠራለሁ። የዘይት ማጠራቀሚያው ከሥር ይፈታና ብሮንዚኑ ይታይ፤ ኮሎው በእጅ ሲዞር ሳይያዝ መዞር አለበት፤ የውኃ መተላለፊያዎቹም ዝገት የሞላባቸው እንዳይሆኑ። ሻጩ አላስፈታም ካለ ይለፉት። የናፍጣ ፖምፓው፣ ዲናሞውና ሞተሪኖው (ማስነሻው) አብረው መሸጣቸውንም ይጠይቁ፤ ርካሽ የመሰለው ዋጋ ብዙ ጊዜ እነሱ ስለሌሉበት ነው።

«ትልቅ ሞተር ልግጠምላት» ማለት። 4ኤችኬ1 ጎበዝ ሞተር ነው፤ 5.2 ሊትር፣ ኮመን ሬል (ናፍጣውን በኮምፒውተር እየታዘዘ የሚረጭ)። ግን ያለ ኮምፒውተሩና ያለ ሽቦው አይነሳም። ካምቢዮው (ማርሽ ሳጥኑ)፣ ፍሪሲዮኑ እና ዲፈረንሻሉም (ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው) ለዚያ ጉልበት ካልተሠሩ በየተራ ይሰበራሉ። ካምቢዮው ላይ በቀጥታ የሚገጥም ያው ዓይነት ሞተር ይሻላል።

ባለፈው ዓመት በሰሙት ዋጋ ማስላት። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የድሮው አይደለም። የማደሻውንና የመቀየሪያውን ዋጋ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያስጠይቁ፤ መኪናዋ ሥራ ፈታ የምትቆምበትን ቀንም በብር ይቁጠሩ። ሻንሲዋ የተሰነጠቀ ወይም ጋቢናዋ በዝገት ያለቀ ከሆነ ሂሳቡን እዚያው ይተዉት፣ እንዳለች ትሸጥ።

ሊብሬውን መርሳት። የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል። የገዙት ሞተር ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሰነድ ከሌለው በዓመታዊ ምርመራ ወይም በሽያጭ ጊዜ ይያዛሉ። ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት የመኪናዋ ፋይል ያለበት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደው የሚፈለገውን ሰነድ ይጠይቁ። ሻጩ «በኋላ አመጣልሃለሁ» ካለ ገንዘቡም በኋላ ይሁን።