የግቢ ሰርቪስ ቤት ያለ ፈቃድ ሲሠራ፦ ባለቤቱም ማዘጋጃ ቤቱም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳር፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በዳንግላም ሆነ በሞጣ፣ ግቢ ያለው ሰው ከዋናው ቤት ጀርባ ሁለት ሦስት ክፍል መጨመሩ የተለመደ ነው። ልጅ ያገባል፣ ተማሪ ቤት ይፈልጋል፣ ጡረታው ወር አያደርስም። ፍላጎቱ ተገቢ ነው። ጣጣው የሚመጣው ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ደንብ አስከባሪ በር ሲያንኳኳ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ መሠረት ሳይቆፍር ይጠይቅ፣ ማዘጋጃ ቤቱም ግድግዳ ሳይቆም ይድረስ። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከእነዚህ ሁለት መዘግየቶች የሚወለዱ ናቸው።

«ካርታ አለኝ፤ በግቢዬ ማን ይጠይቀኛል?» ማለት

ካርታ የሚያረጋግጠው ቦታውን የመያዝና የመጠቀም መብትዎን ነው። ለመገንባት ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አዲስ ቤት መሥራትን ብቻ ሳይሆን ነባሩን ማስፋትን፣ ማሻሻልንና አገልግሎቱን መለወጥንም በፈቃድ ሥር አስገብቷል፤ ፈቃዱን መርምሮ የሚሰጠውም የሕንፃ ሹም ነው። ስለዚህ ኩሽና የነበረውን ክፍል ለስኖ ማከራየትም ጥያቄ ያስነሣል።

ብዙ ሰው የሚሸሸው ወጪውንና ምልልሱን ፈርቶ ነው። ግን ይኸው አዋጅ ሕንፃዎችን በሦስት ሲመድብ፣ በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ወለል ቤት ምድብ «ሀ» ውስጥ ነው የገባው። ይህ ከሦስቱ ቀላሉ ምድብ ነው፤ ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ላለው ሕንፃ የሚጠየቀው ሁሉ ለሰርቪስ ቤት አይጠየቅም።

በቅድሚያ የፕላን ስምምነት ይጠይቁ፤ ለፕላን ሠሪ ገንዘብ የሚከፍሉት ከዚያ በኋላ ይሁን። ስምምነቱ በቦታዎ ላይ መንገድ ማለፍ አለማለፉንና ምን መሥራት እንደሚቻል ይነግርዎታል። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን የሚያገለግለው 10 ዓመት ነው፤ ስለዚህ ጎረቤትዎ ከ15 ዓመት በፊት ማስፈቀዱ ለእርስዎ ዋስትና አይሆንም። ሲሄዱ የካርታውን ዋናና ቅጂ፣ የዘመኑን የግብር ደረሰኝ፣ መታወቂያ፣ እንዲሁም ያለውንና የሚጨመረውን ቤት በልኩ የሚያሳይ ሳይት ፕላን ይያዙ። ካርታው በባልና ሚስት ስም ከሆነ ሁለታችሁም ቅረቡ። በሟች አባት ስም ያለ ቦታ ከሆነ ደግሞ የወራሽነቱንና የስም ዝውውሩን ጉዳይ አስቀድመው ይጨርሱ፤ ብዙ ፋይል ቆሞ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው።

«ጭቃ ነው፣ ጊዜያዊ ነው» ማለት

በባሕር ዛፍ ተማግሮ በጭድና በጭቃ የተመረገ ቤትም ቤት ነው፤ በቆርቆሮ የተመታም ቤት ነው። የሕንፃ ሹሙ የሚያየው ሰው የሚያድርበት መሆኑን፣ ከወሰን ያለውን ርቀትና የቦታውን ፕላን ነው። ጊዜያዊ ግንባታም ቢሆን ራሱን የቻለ ፈቃድና ቀነ ገደብ አለው።

ሌሊትና በዓል ጠብቆ ማቆም

ዓርብ ከሰዓት ድንጋይና አሸዋ ይራገፋል፣ ቅዳሜና እሑድ ግንበኞች ሲረባረቡ ይውላሉ፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት ግድግዳው ቆሟል። በፋሲካና በገና ሰሞንም እንዲሁ። ከዚህ የጨረቃ ቤት ሩጫ መጀመሪያ የሚጎዳው ቤቱ ራሱ ነው።

በብዙ የጎጃም ከተሞች ሜዳማው ሰፈር ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በላዩ ያለውን ቤት በየዓመቱ ያነሣዋል፣ ይጥለዋል። በሁለት ቀን የሚቆም ቤት መሠረቱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ድንጋይ ይደረደርበታል። ይህ ጥልቀት ገና በሚንቀሳቀሰው አፈር ውስጥ ነው። ጥቂት ክረምት ሲያልፍ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ይታያል፣ በሩም አልዘጋ ይላል።

ዋልካው ስስ ከሆነ ጨርሶ አውጥቶ ጠንካራው አፈር ላይ መድረስ ነው። ወፍራም ከሆነ 1 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ቆርጦ ማውጣት፣ በገረጋንቲ ከ20 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ንጣፍ እያረጠቡ መጠቅጠቅ፣ ከድንጋዩ ግንብ በላይም በብረት የታሠረ ግሬድ ቢም፣ ማለትም ግድግዳው የሚያርፍበት የኮንክሪት አግዳሚ፣ መሙላት ያስፈልጋል። ልኩን የሚወስነው አፈሩ ስለሆነ መሐንዲስ ጉድጓዱን በዓይኑ ይይ። ኮንክሪትም ጊዜ ይፈልጋል፤ ቢሙና ግንቡ ቢያንስ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውኃ መጠጣት አለባቸው፣ የኮንክሪት ጥንካሬ የሚለካውም በ28 ቀኑ ነው። ቅዳሜ በተሞላ ቢም ላይ እሑድ ጣሪያ ሲጫን፣ ያልጠነከረው ኮንክሪት ከሥር ይሰነጠቅና በላዩ ልስን ይሸፍነዋል። በፈቃድ ሲሠራ ግን ተቆጣጣሪው መሠረቱ ሳይሸፈን መጥቶ ያያል፤ ይህ ዕድል አንዴ ካመለጠ አይገኝም።

ወሰን ላይ መለጠፍ

ከአቤቱታዎች ብዙዎቹ ከጎረቤት የሚመጡ ናቸው፤ ሰበቡም ጠፈጠፍ፣ መስኮትና ሽንት ቤት ነው። በአንድ ረድፍ ሦስት ክፍል፣ እያንዳንዱ 3 በ4 ሜትር የሆነ ቤት ጣሪያው 36 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ብርቱ ዝናብ 40 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 1,440 ሊትር፣ ማለትም ከ7 በርሜል በላይ ውኃ ይፈሳል። ጣሪያው ወደ ጎረቤት ካዘነበለ ያ ሁሉ የሚወርደው በእርሱ ግድግዳ ሥር ነው። ተዳፋቱን ወደ ራስዎ ግቢ ያድርጉ፣ አሸንዳ ይግጠሙ፣ ውኃውን በቦይ ወደ መንገድ ዳር መፋሰሻ ይምሩ። ወደ ጎረቤት መስኮት ካለ ከወሰኑ 2 ሜትር ያህል መራቅ በብዙ ቦታ የሚጠየቅ ነው፤ የከተማዎን ልክ የፕላን ስምምነት ሲወስዱ በጽሑፍ ያግኙ።

ሽንት ቤቱን ከጉድጓድ ውኃ ቢያንስ 30 ሜትር ያርቁ። በባሕር ዳር የጣና ዳርቻ ሰፈሮች የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ ስለሆነ ይህ የጤና ጉዳይ ነው። የሽንት ቤቱን ጉድጓድ የሚመጥጥ መኪና ቱቦ የሚደርስበት ቦታም ይተዉ። ጎረቤት ቢስማማ እንኳ በሽማግሌ ፊት የተባለው ቃል በወረቀት ይስፈር፣ ይፈረም፤ ልጆቹ ሲወርሱ ቃሉን ላያውቁት ይችላሉ።

ደረሰኝን፣ ቆጣሪንና የቀበሌን ቃል እንደ ፈቃድ መቁጠር

ግብር መክፈል ግዴታን መወጣት ነው፤ መብራት ቆጣሪም ሌላ መሥሪያ ቤት የገባው ውል ነው። ሁለቱም የግንባታ ፈቃድ አይተኩም። «ችግር የለም፣ ሥራ» ያለው የቀበሌ ሰው ነገ ይዛወራል፣ ቃሉም አብሮት ይሄዳል። «ጉዳይ አስጨርሳለሁ» ለሚል ደላላ ደግሞ ሳንቲም አይስጡ። ቤቱ ለባንክ መያዣ ሲቀርብ ወይም ለልማት ሲነሣ ካሳ ሲሰላ የሚጠየቀው ሕጋዊው ወረቀት ነው። ቤት የሚገዙ ከሆነም በፈቃዱ ላይ ያለውንና በግቢው የቆመውን ያመሳክሩ።

የማዘጋጃ ቤቱ ስህተቶች

ትልቁ ስህተት አይቶ ማለፍ ነው። ከላይ ለተባለው ባለ ሦስት ክፍል ቤት ግድግዳው በ2.8 ሜትር ከፍታ፣ በርና መስኮት ተቀንሶ፣ 85 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ለአንድ ካሬ ሜትር 12.5 ብሎኬት ሲሄድ ከ1,000 በላይ ብሎኬት በር ላይ ይራገፋል ማለት ነው። ይህ ከማንም ዓይን አይሰወርም። በዚያ ቀን የሄደ ተቆጣጣሪ አንድ ቤተሰብ ያጠራቀመውን ገንዘብ ያድናል፤ ከሦስት ወር በኋላ በግብረ ኃይል የሚሄደው የሚያፈርሰው የሰው ማደሪያ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የቃል ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያው በደብዳቤ ሆኖ ቀን፣ የካርታ ቁጥር፣ የተጣሰው ድንጋጌ፣ ሥራው የደረሰበት ደረጃ፣ የሚታረመው ነገር፣ ቀነ ገደቡና የይግባኝ ቦታው ይጻፉበት፤ ከፎቶ ጋርም ፋይል ይደረግ። ሦስተኛው ለአመልካች መልስ አለመስጠት ነው። «ነገ ና» እየተባለ የከረመ ሰው ክረምት ሳይገባበት ብሎ ይጀምራል። ክልከላም ቢሆን ምክንያቱ ተጽፎ ይሰጠው። አንዱን አፍርሶ አጠገቡ ያለውን መተውም የከተማውን አመኔታ ይገድላል፤ የከተማው ምክር ቤት ከጽሕፈት ቤቱ ሪፖርት ሲቀበል የፈረሰውን ብዛት ብቻ ሳይሆን ስንት ማመልከቻ በቀነ ገደቡ መልስ እንዳገኘ ይጠይቅ።

ማስጠንቀቂያ ሲደርስ ጣሪያ ማሯሯጥ

«ቆርቆሮ ከተመታ አይፈርስም» የሚል ወሬ አለ። አይመኑት፤ ከማስጠንቀቂያ በኋላ የሚጨመር እያንዳንዱ ብሎኬት ጥፋቱን ያከብደዋል። ሥራውን ያቁሙ፣ ደብዳቤውን ፈርመው ይቀበሉ፣ የደረሰበትን ደረጃ ፎቶ ያንሡ። ከዚያ በማመልከቻ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ፕላኑ ይፈቅዳል ወይ? ወሰኑ ተጠብቋል ወይ? የተሠራው አካል ይጸናል ወይ? ሦስቱም ካለፉ ቤቱ እንደቆመ ተለክቶ ፕላኑ ይሠራና ወደ ሕጋዊ መስመር የሚገባበት መንገድ ካለ በጽሑፍ ይመለስልዎ። በውሳኔው ካልተስማሙ በአዋጁ የተቋቋመ የይግባኝ ቦርድ አለ፤ ቀነ ገደቡ እንዳያልፍ ደብዳቤው የደረሰዎትን ቀን ይያዙ።

መፍረሱ የግድ ከሆነ በራስዎ ሠራተኛ ያፍርሱ። መጀመሪያ ቆርቆሮው በመንቀያ ሳይታጠፍ ይነሣ፣ ቀጥሎ ማገሩና ወራጁ፣ ከዚያ በርና መስኮቱ ከነፍሬሙ፣ መጨረሻ ግድግዳው። እንዲህ ከሆነ እንጨቱና ብረቱ አብዛኛው ይተርፋል፤ በሲሚንቶ የተገነባ ብሎኬት ግን ብዙው ይሰበራል። ሲጨርሱ የሕንፃ ሹሙ አይቶ ጉዳዩ መዘጋቱን የገለጸበትን ደብዳቤ ይውሰዱ፤ አለዚያ በዚያው ግቢ ሌላ ፈቃድ ሲጠይቁ የድሮው ማስጠንቀቂያ ከፋይሉ ይመዘዛል።