የሞዴል አውሮፕላን መሪዎችን የእንቅስቃሴ መጠን ማስተካከል፦ ለድሬዳዋና ለሐረር አብራሪዎች

በሬድዮ የሚበር ሞዴል አውሮፕላን ተገዝቶም ሆነ በእጅ ተሠርቶ ሲያልቅ፣ ከመጀመሪያው በረራ በፊት ካሉት ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው መሪዎቹ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀሱ መወሰን ነው። መሪዎች የምላቸው በክንፉ ላይ ያሉትን አይለሮኖች፣ በጅራቱ አግድም ክፍል ላይ ያለውን ኤሌቬተርና በቋሚው ክፍል ላይ ያለውን ራደር ነው። እንቅስቃሴያቸው ከበዛ አውሮፕላኑ ስቲክ (በእጅ በሚያዘው ሬድዮ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ዘንግ) በተነካ ቁጥር ይወራጫል፤ ካነሰ ደግሞ ነፋስ ሲያጋድለው ወይም ለማረፍ ፍጥነቱን ሲቀንስ የሚመልሰው ኃይል ያጣል። አብዛኛው ሰው ከመመሪያው ላይ ቁጥሩን አንብቦ በቀጥታ ወደ ሬድዮው ስክሪን ይሄድና በመቶኛ ይቀንሳል። እኔ የምመክረው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ መጠኑ በመጀመሪያ በሰርቮው (መሪውን በሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) ክንድ፣ ክንዱን ከመሪው ጋር በሚያገናኘው ሽቦና ሽቦው በሚሰካባቸው ቀዳዳዎች ይገኝ፤ ሬድዮው በመጨረሻ ለጥቃቅን ማስተካከያ ብቻ ይግባ።

ከሁሉ በፊት ግን የአውሮፕላኑ ሚዛን መታየት አለበት። የስበት ማዕከሉ ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ የሸሸ አውሮፕላን በትንሽ የኤሌቬተር እንቅስቃሴ ስለሚደነብር፣ አብራሪው ጥፋቱን በመሪው ላይ አድርጎ መጠኑን ሲቀንስ ይኖራል፤ ችግሩ ግን አይፈታም። መመሪያ ካለ በመመሪያው፣ ከሌለ ደግሞ ለመደበኛ ቀጥ ያለ ክንፍ ከፊት ጠርዙ ጀምሮ ከክንፉ ስፋት 25 በመቶ አካባቢ ላይ ባትሪውን በማንቀሳቀስ ሚዛኑን ያግኙ። ከዚያ ፕሮፔለሩን ፈትተው ያስቀምጡ። ባትሪ ተሰክቶ በመሪዎቹ ዙሪያ እጅ በሚመላለስበት ጊዜ ሁሉ ፕሮፔለር ከሞተሩ ላይ መኖር የለበትም፤ ይህን በተመለከተ ልዩ ሁኔታ የለም። ሲያበሩ ሬድዮው ይቅደም፣ አውሮፕላኑ ይከተል፤ ሲያጠፉ ደግሞ አውሮፕላኑ ይቅደም።

ሥራው የሚጀምረው ከዜሮ ነው። በሬድዮው ላይ ለዚህ አውሮፕላን አዲስ የሞዴል ማኅደር ይክፈቱ፤ ትሪም (በበረራ ጊዜ የመሪውን መሐል የሚያስተካክለው) እና ሰብ ትሪም (የሰርቮውን መሐል የሚያስተካክለው) ዜሮ፣ ትራቭል (ሰርቮው የሚዞርበት መጠን) 100 በመቶ፣ ዱዋል ሬት (በማብሪያ የሚቀያየሩ ከፍተኛና ዝቅተኛ የእንቅስቃሴ መጠኖች) 100 በመቶ፣ ኤክስፖ (የስቲክ ንክኪ ማለስለሻ) ዜሮ መሆናቸውን ያረጋግጡ። የሰርቮ ክንዶች ሁሉ ከጥርሳቸው ተነቅለው ሳለ ኃይሉን ያብሩ፤ ሰርቮዎቹ ወደ መሐላቸው ይመጣሉ። አሁን ክንዱ ከሽቦው ጋር ቀጥ ያለ የ90 ዲግሪ ማዕዘን እንዲሠራ አድርገው ይሰኩት። ብዙ ጊዜ ጥርሶቹ በትክክል 90 ላይ አያርፉም። እዚህ ላይ ሰብ ትሪም ለመጠቀም አይቸኩሉ። ባለ 25 ጥርስ ሰርቮ ላይ አንድ ጥርስ 14.4 ዲግሪ ነው፤ የጥርሱ ቁጥር ጎዶሎ ስለሆነ ሁለት ጎን ያለውን ክንድ ነቅለው ግራና ቀኙን አዙረው ሲሰኩት የግማሽ ጥርስ ማለትም የ7.2 ዲግሪ ልዩነት ይሰጣል። የመስቀል ቅርጽ ያለው ክንድ ከሆነ ደግሞ አራቱንም ጣቶች እያፈራረቁ ይሞክሩ፤ አንዱ ከሌላው ይልቅ ወደ 90 ይጠጋል፤ የተረፉት ጣቶች ይቆረጣሉ። ከዚህ በኋላ የቀረችው አንድ ሁለት ዲግሪ በሰብ ትሪም ብትስተካከል ምንም አይደለም። መሪው ራሱ ከክንፉ ጋር እኩል የሚሆነው በሬድዮ ሳይሆን ክሌቪሱን (ሽቦውን ከመሪው ጋር የሚያያይዘውን መቆንጠጫ) በሽቦው ላይ በማጥበቅና በማላላት ነው።

አቅጣጫውን ለመፈተሽ ከአውሮፕላኑ ጀርባ ይቁሙ። ስቲኩ ወደ ቀኝ ሲገፋ የቀኙ አይለሮን ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች ይሄዳል፤ ስቲኩ ወደ አብራሪው ሲሳብ ኤሌቬተሩ ወደ ላይ ይነሣል፤ ቀኝ ራደር ሲሰጥ የራደሩ የኋላ ጠርዝ ወደ ቀኝ ይዞራል። የተገለበጠ ካለ በሬድዮው ሪቨርስ ይደረጋል።

ቀጥሎ ያለው የቀዳዳዎቹ ምርጫ ነው፤ የጉዳዩ ልብም እዚህ ነው። በሰርቮው ክንድ ላይ ወደ መሐል የቀረበ ቀዳዳ እንቅስቃሴን ይቀንሳል፣ የራቀው ይጨምራል። በመሪው ላይ በተተከለው ሆርን (ሽቦው የሚሰካበት ባለ ቀዳዳ ትንሽ ክንድ) ግን ተቃራኒ ነው፤ ከመሪው የራቀው ቀዳዳ ይቀንሳል፣ የቀረበው ይጨምራል። አንድ ምሳሌ በቁጥር እንመልከት። ሰርቮው ከመሐል ወደ አንድ ጎን 45 ዲግሪ ይዞራል እንበል፤ ሽቦው በክንዱ ላይ ከመሐል 10 ሚሊ ሜትር፣ በሆርኑ ላይ ደግሞ ከማጠፊያው 15 ሚሊ ሜትር ርቆ ከተሰካ መሪው 28 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል። ከፊት ወደ ኋላ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው አይለሮን ይህ በኋላ ጠርዙ ላይ ወደ 19 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ለመለማመጃ አውሮፕላን እጅግ የበዛ ነው። የሆርኑን ቀዳዳ ወደ 20 ሚሊ ሜትር ሲያርቁት 21 ዲግሪ ወይም 14 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ በተጨማሪ በክንዱ ላይ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ሲያቀርቡት 16 ዲግሪ ወይም 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ላይ ይደርሳል። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ በሬድዮው ላይ ያለው 100 በመቶ አልተነካም።

ያንኑ 11 ሚሊ ሜትር ትራቭሉን ወደ 55 በመቶ ዝቅ በማድረግም ማግኘት ይቻላል። ልዩነቱ የሚታየው አየር ላይ ነው። ሰርቮው ከሚችለው እንቅስቃሴ ጥቂቱን ብቻ ሲሠራ፣ በውስጡ ባሉት ማርሾች ጥርሶች መካከል ያለችው ትንሽ ክፍተት በመሪው ላይ ጎልታ ትወጣለች፤ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ መብረር እምቢ ይላል፣ ትሪሙም አንድ ቦታ አይረጋም። ከዚህም በላይ አጭር ክንድ ሽቦውን በበለጠ ጉልበት ይገፋል። የላላ መሪ በፍጥነት ጊዜ መርገብገብ ይጀምራል፤ መርገብገቡም ማጠፊያውን ወይም ሰርቮውን በሰከንዶች ውስጥ ሊሰብር ይችላል። በጣት ይዘው ሲያወዛውዙት የሚንቀጠቀጥ መሪ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ለሽቦው ሰፍቶ ስለሆነ በልኩ የተበሳ ሌላ ቀዳዳ ወይም አዲስ ክንድ ይጠቀሙ።

ሆርኑን ሲተክሉ ቀዳዳዎቹ በትክክል ከማጠፊያው መስመር በላይ ይዋሉ። ወደ ኋላ ካፈገፈጉ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው እንቅስቃሴ እኩል አይሆንም፤ ለኤሌቬተር ይህ አይፈለግም። ለአይለሮን ግን ወደ ላይ የሚበልጥ እንቅስቃሴ ራሱ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም ወደ ታች የታጠፈው አይለሮን ክንፉን ወደ ኋላ ስለሚጎትት የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከመዞሪያው ተቃራኒ ይሸሻል። ክንፉ ከላይ ለሆነ መለማመጃ አውሮፕላን ወደ ላይ 12፣ ወደ ታች 7 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ቢሆን መዞሩ ያምራል። ሁለት የአይለሮን ሰርቮ ካለ ይህ በሬድዮው ዲፈረንሻል (የላይና የታች እንቅስቃሴን በሚያበላልጠው ማስተካከያ) ይሠራል።

ልኬቱ የሚወሰደው በመሪው በጣም ሰፊ ቦታ ላይ፣ በኋላ ጠርዙ ነው፤ መመሪያው ሌላ ቦታ ከጠቀሰ እሱን ይከተሉ። አውሮፕላኑ እንዳይንቀሳቀስ ጠረጴዛ ላይ በፎጣ ይደገፍ። ማስመሪያውን በእጅ ይዞ ከመገመት ይልቅ ከጠንካራ ካርቶን መለኪያ መቁረጥ ይሻላል፤ ዜሮውን መሪው መሐል ላይ ሳለ ከጠርዙ ጋር አስማምተው፣ ወደ ላይና ወደ ታች በየሚሊ ሜትሩ በእስክሪብቶ ያሰምሩበት። ዓይንን ከጠርዙ ጋር በአንድ ከፍታ ማድረግ አይርሱ፤ ከላይ ሆኖ ያየ ሰው እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ሊሳሳት ይችላል። ስቲኩን እስከ ጥጉ ሲገፉ ደግሞ ጆሮዎን ይስጡ። ሰርቮው እየጮኸ ከቆየ ሽቦው ወይም መሪው አንድ ቦታ ተጣብቋል ማለት ነውና፣ ባትሪ ከመጨረሱና ሰርቮውን ከማቃጠሉ በፊት መንገዱ ይከፈትለት።

ለመነሻ ያህል፣ ከ1.2 እስከ 1.4 ሜትር የክንፍ ርዝመት ላለው የፎም መለማመጃ አይለሮን 10 እስከ 12፣ ኤሌቬተር 10 እስከ 12፣ ራደር 20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር የሚያስኬድ ነው። በዱዋል ሬት ይህን እንደ ከፍተኛው ይያዙና ዝቅተኛውን 70 በመቶ ያድርጉ። ኤክስፖ ስቲኩ መሐል አካባቢ ያለውን ንክኪ ያለሰልሳል፤ 30 በመቶ ጥሩ መጀመሪያ ነው። ነገር ግን በፉታባ ሬድዮዎች ማለስለሻው በአሉታዊ ቁጥር ሲገባ በስፔክትረም በአዎንታዊ ቁጥር ነው፤ ምልክቱ ከተሳሳተ መሐሉ ይበልጥ ይስላል። ስለዚህ ስቲኩን ግማሽ ገፍተው መሪውን ይመልከቱ፤ ከግማሽ ያነሰ ከተንቀሳቀሰ ትክክል ነው።

ድሬዳዋ ላይ የሚያበር ሰው ሁለት ነገሮችን በተለይ ማሰብ አለበት። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ብዙ የፎም አውሮፕላኖች ሆርናቸው በሆት ግሉ የተለጠፈ ነው፤ ቀትር ላይ ተዘግቶ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ሞዴል ማስቲሹ ይለሰልስና ሆርኑ ጥቂት ያዘነብላል። ትናንት የተለካው 12 ሚሊ ሜትር ዛሬ 12 አይሆንም። ሆርኑን በብሎንና በጀርባ መያዣ ማሰር፣ ከዚያም ከእያንዳንዱ የበረራ ቀን በፊት በጣት መፈተሽ ግድ ነው። አቧራውም ወደ ሰርቮ ጥርሶች ስለሚገባ በየጊዜው በብሩሽ ይጠረግ።

ሁለተኛው አየሩ ነው። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ነው፤ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ በባሕር ጠለል በ15 ዲግሪ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ደንገጎን ወጥተው ሐረር ሲደርሱ ከፍታው ወደ 1,900 ሜትር ቢጠጋም አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ የድሬዳዋ ቀትርና የሐረር ረፋድ ሳስተው ይቀራረባሉ። በሁለቱም ቦታ አውሮፕላኑ አየር ላይ ለመቆየት ከ10 በመቶ በላይ የፈጠነ መሆን አለበት። መሪዎቹ ያንን ፍጥነት ካገኙ እንደ ሌላው ቦታ ይሠራሉና መጠናቸውን መጨመር አያስፈልግም። አደጋው ሌላ ነው፤ አብራሪው ለማረፍ ሲመጣ ፍጥነቱ ስለሚበዛበት ኤሌቬተሩን ይስባል፣ ክንፉም አየሩን ለቆ በአንድ ጎን ይወድቃል። ስለዚህ በዝቅተኛው ሬት ላይ ኤሌቬተር እንዳይበዛ እመክራለሁ። ፈተናው ቀላል ነው፤ በቂ ከፍታ ላይ ሞተሩን ዝቅ አድርገው ስቲኩን ቀስ ብለው እስከ ጥጉ ይሳቡ። አንዱ ክንፍ በድንገት ከወደቀ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ይቀንሱ፤ አፍንጫው ብቻ ቀስ ብሎ ዝቅ ካለ ይተዉት።

የበረራ ቦታ ሲመረጥ የድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ለከተማው ቅርብ መሆኑን ማሰብ ይገባል፤ ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ሳይገኝ መብረር የለም፣ ከአውሮፕላን መነሻና ማረፊያ አቅጣጫም መራቅ ግዴታ ነው። አየሩ ገና ሳይሞቅና አዋራውን የሚያነሣው ነፋስ ሳይጀምር፣ ማለዳ ላይ የሚደረግ በረራ የመሪዎቹን ጠባይ በትክክል ያሳያል።

ከመጀመሪያው በረራ በኋላ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ እንዲበር የተሰጡትን ትሪሞች ይመልከቱ። ትሪሙ ከመሐል ብዙ ከሸሸ፣ መሪው አሁን ያለበትን ቦታ በካርቶኑ መለኪያ ለክተው ይጻፉ፤ ከዚያ ትሪሙን ወደ ዜሮ መልሰው፣ መሪው እዚያው ቦታ ላይ እስኪመጣ ክሌቪሱን ያዙሩ። ይህ ሲደረግ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ሙሉ እንቅስቃሴ ስለሚለወጥ ሁለቱንም እንደገና ይለኩ፤ በአንድ በረራም ከአንድ መሪ በላይ አይለውጡ።