ወፍራም ድምፅ ወደ ላይ ሲወጣ ለምን ይሰነጠቃል? ችግርና መፍትሄ

ማሟሟቅና ውሃ መጠጣትን ታውቃለህ ብዬ ልለፈው።

ምልክት፦ ታች ያማረው ድምፅ ላይ ሲወጣ ጩኸት ይሆናል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል

ድሬ ውስጥ ወፍራም ድምፅ ይዞ ከሚመጣ ጀማሪ አብዛኛው ችግሩ ይኸው ነው። ወንዶች ላይ ብዙውን ጊዜ ከመሃል ዶ (ኪቦርድ መሃል አካባቢ ካለው ዶ) በላይ ሬና ሚ አካባቢ ይጀምራል።

ምክንያቱ፦ የታችኛውን ክብደት እንዳለ ይዞ መውጣት። መሃል ዶ ላይ የድምፅ አውታሮች በሰከንድ 262 ጊዜ ያህል ይርገበገባሉ። ቀጣዩ ዶ ላይ 523 ይደርሳል። ለዚህ መለጠጥና መቅጠን አለባቸው። አንተ ስትጮህ ግን እንደወፈሩ ይቀራሉ። ማንቁርት ሽቅብ ይሸሻል፣ አገጭ ይነሳል፣ ድምፁ እዚያው ይበጠሳል።

ሰርግ ላይ የሚዘፍን አንድ የመጋላ ልጅ ነበር። ላይ ሲደርስ የአንገቱ ሥር ይገተራል። «ጉልበት አንሶኝ ነው» ይላል። ጣትህን ማንቁርትህ ላይ አድርገህ ዝፈን አልኩት። ሬ ላይ ሲደርስ ማንቁርቱ ከጣቱ ሥር ሾልኮ ወደ አገጩ ወጣ። ደነገጠ። ከዚያ ድምፁን በግማሽ ቀንሶ፣ ከንፈሩን ብርርር እያደረገ ያንኑ ኖታ ሳይሰነጠቅ አለፈው። «ይሄማ የኔ ድምፅ አይደለም፣ ቀጠነ!» አለ። ሁሉም እንዲህ ይላሉ። ይቅጠን! ውፍረቱ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይመለሳል።

መፍትሄው፦ ከንፈርህን እያንቀጠቀጥክ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ተንሸራተት። ሲለምድልህ «ኑ» እያልክ ከላይ ጀምረህ ውረድ። ከላይ መጀመሩ ክብደቱን ይዘህ እንዳትወጣ ያደርግሃል። ከዚያ በግማሽ ድምፅ፣ በግማሽ ድምፅ ብቻ (ኪቦርድ ላይ ጥቁሩንም ጨምሮ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ቀጣዩ ማለት ነው) ከፍ በል። ግጥሙ ላይ «አ» ሲገጥምህ ወደ «ኦ» ጠጋ አድርገው። ጠዋትና ማታ 10 ደቂቃ ይበቃል።

አገጭ አታንሳ። ላይ ስትደርስ ድምፅ አትጨምር። እደግመዋለሁ፦ አትጨምር! ካመመህ ያኔውኑ አቁም።

ሴቶች ላይም ምክንያቱ ያው ነው።

ምልክት፦ ትናንት የወጣው ኖታ ዛሬ እምቢ አለ

ከበርጫ ተነስተህ ነው የመጣኸው? ጫት አፍና ጉሮሮ ያደርቃል፣ ምርቃናው ደግሞ ድካሙን ይደብቅብሃል። በድሬ ሙቀት ላይ ሲጨመር አስበው። በዚያ ሰዓት ላይኛውን ኖታ አትሞክር። ጥሬ እንቁላልና ዝንጅብል ይዛችሁ ለምትመጡም፦ የምትውጡት በምግብ ቧንቧ ይወርዳል እንጂ አውታሩን አይነካውም።

ምልክት፦ ድምፁ ይወጣል፣ ግን አየር አየር ይላል

አውታሮቹ በደንብ አይገጥሙም። አፍ ዘግቶ «እምም» ማለት ይረዳል።

ምልክት፦ ልምምድ ላይ ይወጣል፣ ዘፈኑ ላይ አይወጣም

ዘፈኑ የተሠራው ለቀጭን ድምፅ ነው። ኪቦርዲስቱ በትራንስፖዝ (ዘፈኑን በሙሉ ዝቅ ወይም ከፍ በሚያደርገው ቁልፍ) ሁለት ሦስት ግማሽ ድምፅ ያውርድልህ። አንድ ቁልፍ መጫን ሰንፎ ልጁን መድረክ ላይ የሚያስጮህ ተጫዋች በጣም ያናድደኛል። ርካሽ ማይክ ላይ ኤኮ የሚከምሩትም እንደዚያው፤ ልጁ የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ይጮሃል።

ምልክት፦ ድምፅ ከ3 ሳምንት በላይ ጎርናና ሆኖ ቀረ

ይህ የልምምድ ጉዳይ አይደለም። ዘፈኑን አቁመህ ከአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂድ።