ቁርጭምጭሚታችሁ ቶሎ ቶሎ ወለም የሚላችሁ ስሙኝማ

እኛ ቤት ወለምታ የዘር ነው ብል ይቀለኛል፣ እማዬ ቀኝ እግሯን፣ ታላቅ ወንድሜ ሁለቱንም፣ እኔ ደግሞ ባለፈው ለእንቁጣጣሽ ከቅዳሜ ገበያ ዶሮ ገዝቼ ስመለስ ከነዶሮዬ ቁጭ! (ዶሮዋ ምንም አልሆነችም)። ጎንደር መስከረም ላይ ታውቋታላችሁ፣ ፀሐይ ወጣ ስትል ሁሉም ክረምት አለቀ ብሎ ሸበጥ ያደርጋል፣ ግን ቁልቁለቱ ላይ ያለው ኮብልስቶን ጥላ ጥላው ገና አረንጓዴ ነው፣ ያንሸራትታል። ሶሉ ያላለቀ ጫማ አድርጉ በቃ።

ወለም ካላችሁ በዛው ቀን አታሳሹት፣ እብጠቱን ያብሰዋል፣ እኔ እትዬን እንቢ ማለት ከብዶኝ አሳሽቼው ሌሊቱን ሙሉ ስቃይ ነበር። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ 15 ወይ 20 ደቂቃ ያዙበት፣ በፋሻ ጠበቅ አድርጋችሁ እግራችሁን ትራስ ላይ ስቀሉት። አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ ወይ የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ራሱ ሲነካ ካመማችሁ ግን ወጌሻ ጋ ሳይሆን መጀመሪያ ራጅ ተነሱ፣ ስብራት ሊሆን ይችላል።

ሌላው፣ እግራችሁን አርጥባችሁ ደረቅ ሲሚንቶ ላይ ቁሙ፣ መሀሉ ጎደል ሳይል ሙሉ ዱካ ከወጣ ጠፍጣፋ እግር ነው፣ እሱ ከቤተሰብ ሊወረስ ይችላል፣ የኛ ሶስታችንም አንድ ዓይነት ወጣ። እና አንዴ ወለም ያለው እግር ደግሞ ይደግማል፣ ስለዚህ ህመሙ ሲተዋችሁ ጥርስ ስትፍቁ በአንድ እግር መቆም ልመዱ፣ እማዬ አሁን ግድግዳ ይዛ ቡና እስኪፈላ ትቆማለች።