ቱር ደ ፍራንስን በመጨረሻው ሳምንት ሲከታተሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት ብርቅ አይደለም፤ ተማሪውም ሠራተኛውም ይጋልበዋል። ውድድሩን በቴሌቪዥን የሚከታተለው ግን ጥቂት ነው። የሚከታተለውም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀላቀለው ወሬው ከሞቀ በኋላ፣ በመጨረሻው ሳምንት ነው። በፈረንሳዩ የብስክሌት ውድድር በቱር ደ ፍራንስ በ23 ቀን ውስጥ 21 ምዕራፍ (የአንድ ቀን ውድድር) ይጋለባል፣ ሁለቱ ቀን እረፍት ነው። በ16ኛው ምዕራፍ ላይ የገባ ተመልካች ማን ከማን ጋር በምን እንደሚወዳደር ሳይገባው ይቀራል። የጣሊያኑ ጂሮና የስፔኑ ቩዌልታም በዚሁ ሥርዓት ይካሄዳሉ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰዓቱን በግምት ማስላት

መርሐ ግብሩ የሚወጣው በፈረንሳይ ሰዓት ነው። በሐምሌ ፓሪስ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። 17:30 የሚለውን አይቶ እንደለመደው 6 የሚቀንስ ሰው 11:30 ላይ ይቀመጥና አንድ ሰዓት ሙሉ ይጠብቃል። አቋራጩ ከፈረንሳይ ሰዓት ላይ 5 መቀነስ ነው፦ 13:15 ከቀኑ 8:15፣ 17:30 ከምሽቱ 12:30 ይሆናል። ያገኙት መርሐ ግብር በለንደን ሰዓት ከሆነ 4 ይቀንሱ። ለጣሊያንና ለስፔን ውድድሮችም 5 መቀነሱ ይሠራል።

በሜዳማ ቀን የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በተራራ ቀን ግን ከ10:30 ጀምሮ ካልተቀመጡ ወሳኙ ነገር ሊያመልጥዎ ይችላል፤ ምክንያቱን ወደ ታች እንመለስበታለን። ሐምሌ ክረምት ነው፤ ነጎድጓድ ሲመጣ መብራት ሊሄድ ስለሚችል ስልክዎን አስቀድመው ቻርጅ ያድርጉ። በኢንተርኔት የሚያዩት ስርጭት ከትክክለኛው ሰዓት ግማሽ ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ 10 ኪሎ ሜትሮች ቴሌግራምን መዝጋት ይሻላል፣ አለዚያ አሸናፊውን ከጓደኛዎ ይሰማሉ። ኳስ ማሳያ ቤት የሚያዩ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱን በዋዜማው ያነጋግሩ። ትልልቆቹ ሊጎች ያን ጊዜ ዝግ ስለሆኑ ብዙም አያስቸግርም።

ከፊት ያለውን ሰው መሪ ነው ብሎ ማሰብ

ይህ ከሁሉም የተለመደው ስህተት ነው። ስክሪኑ ላይ ከፊት የሚታየው ሰው የዕለቱን ምዕራፍ ሊያሸንፍ ይችላል፤ በጠቅላላው ደረጃ ግን 60ኛ ሊሆን ይችላል። ቢጫ ማሊያ የሚለብሰው የሁሉም ቀን ሰዓቱ ሲደመር ትንሹ የሆነለት ነው። አረንጓዴው በነጥብ ይገኛል። ቀይ ነጠብጣብ ያለበት ነጭ ማሊያ ተራራ ላይ ለሚሰበሰብ ነጥብ ነው። ሙሉ ነጩ ደግሞ ለወጣቶች ነው። በአንድ መንገድ ላይ በአንድ ጊዜ አራት ውድድር ይካሄዳል ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ያለበት «ማን ቀደመ?» ሳይሆን «ቢጫ ለባሹ የት ነው? ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ጋር ነው ወይስ ብቻውን ቀርቷል?» የሚለው ነው። አንድ ነገር ይጨምሩ፦ አብረው የደረሱ ሁሉ አንድ ሰዓት ይያዝላቸዋል። 40 ሰው በአንድ ላይ ቢደርስ 40ኛውም የመጀመሪያውን ሰው ሰዓት ያገኛል። ከዚህ ውጭ ያለው ለመጀመሪያዎቹ ሦስት የሚሰጠው የ10፣ የ6 እና የ4 ሰኮንድ ጉርሻ ነው፤ በክሮኖ፣ ማለትም እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር በሚወዳደርበት ቀን ግን ይህ የለም።

ልዩነቱን በዓይን መለካት

ስክሪኑ 30 ሰኮንድ ሲል ርቀቱ ስንት ነው? እንደ ፍጥነቱ ነው። ሽቅብ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲጋለብ 30 ሰኮንድ ወደ 170 ሜትር ይሆናል፤ አሳዳጁ የሚያሳድደውን ጀርባ ያያል። በሜዳ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከ400 ሜትር በላይ ነው፤ ቁልቁል በ70 ኪሎ ሜትር ደግሞ ወደ 580 ሜትር ይደርሳል። ዳገት ላይ «ሊደርስበት ነው!» ብሎ የጮኸ ሰው ቁልቁለቱ ሲጀመር ርቀቱ ሰፍቶ ያየዋል፣ ሰኮንዱ ግን ያው ነው። ከሥዕሉ ይልቅ ቁጥሩን ይመኑ።

ተገንጥለው የወጡት ይያዛሉ ወይ የሚለውን ለመገመት ፈረንሳዊው የቴሌቪዥን ዘጋቢ ሮበር ሻፓት ያስለመደው ስሌት አለ፦ በሜዳ ላይ ዋናው ቡድን፣ ማለትም ፔሎቶኑ፣ በ10 ኪሎ ሜትር አንድ ደቂቃ ያህል ይመልሳል። 20 ኪሎ ሜትር ቀርቶ ልዩነቱ 1:30 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይያዛሉ። ዝናብ፣ ጠባብ መንገድ ወይም የደከመ ቡድን ካለ ግን ስሌቱ ይፈርሳል፤ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ያልደከመ ቡድን የለም።

ሁለቱን ብቻ ማየት፣ አጋሮችን መርሳት

የ2025 ጂሮ 20ኛ ምዕራፍ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ሜክሲኮዊው ኢሳክ ዴል ቶሮ የጂሮ መሪ የሚለብሰውን ሮዝ ማሊያ ለብሷል፤ ኢኳዶራዊው ሪቻርድ ካራፓዝ በ43 ሰኮንድ ሁለተኛ፣ እንግሊዛዊው ሳይመን የትስ በ1:21 ሦስተኛ ነው። መንገዱ በኮሌ ዴሌ ፊኔስትሬ በኩል ያልፋል፤ 18 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ሽቅብ፣ አማካይ ተዳፋትነቱ 9 በመቶ የሚያልፍ፣ የመጨረሻው 8 ኪሎ ሜትር ያህል ያልተነጠፈ ጠጠር። ሁሉም ዓይኑን የተከለው ዴል ቶሮና ካራፓዝ ላይ ነበር። የትስ አምልጦ ሲሄድ ሁለቱ «አንተ አሳድደው፣ አንተ አሳድደው» በሚል እየተያዩ ቀሩ።

ተመልካቹ ያላስተዋለው ግን ሌላ ነገር ነበር። የየትስ የቡድን አጋር ዋውት ቫን አርት ከብዙ ሰዓት በፊት ከተገነጠሉት ጋር ወደፊት ሄዶ ነበር። የትስ ተራራውን ጨርሶ ሲወርድ ቫን አርት ጠበቀው፤ ከዚያ በቁልቁለቱና በሸለቆው ንፋሱን እየከለለ ጎተተው። ከኋላ ያሉት ሁለቱ አጋርም ስምምነትም አልነበራቸውም። ልዩነቱ አምስት ደቂቃ አለፈ፤ የትስ ጂሮውን በ3:56 አሸነፈ። የዕለቱን ምዕራፍ ያሸነፈው ደግሞ ቀድሞ የተገነጠለው አውስትራሊያዊ ክሪስ ሃርፐር ነው፤ ከጠቅላላው ፉክክር ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። በ2018 የትስ ሮዝ ማሊያውን ያጣው በዚሁ ተራራ ላይ፣ ክሪስ ፍሩም 80 ኪሎ ሜትር ብቻውን በጋለበበት ቀን ነበር።

ከ10:30 ጀምሮ ይቀመጡ ያልነው ለዚህ ነው። ከዋናው ፍልሚያ ሁለት ሰዓት በፊት ከተገነጠሉት መካከል የማን ቡድን ሰው እንዳለ ይመዝግቡ። አንድ ትልቅ ቡድን ጠንካራ ሰው አስቀድሞ ከላከ ለምክንያት ነው። ከጣና በሚነፍስ ንፋስ ፊት ለፊት ብስክሌት የጋለበ የባሕር ዳር ሰው ሌላ ሰው ከፊት ሲቀድም ጉልበቱ ምን ያህል እንደሚተርፍለት ማስረዳት አያስፈልገውም።

ተራራን በከፍታው መመዘን

አልፕ ዱዌዝ መድረሻው ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ዳር ራሷ 1,800 ሜትር ላይ ተቀምጣለች! የጋሊቢየ ጫፍ 2,642 ሜትር ቢሆን ከደብረ ታቦር ብዙም አይለይም። ቁጥሩን የሰማ የአገራችን ሰው «ይህም ተራራ ተባለ?» ቢል አይፈረድበትም። ጭንቁ ግን ያለው በሽቅቡ ርዝመትና በተዳፋትነቱ መጠን ላይ ነው። አልፕ ዱዌዝ 13.8 ኪሎ ሜትር በአማካይ 8.1 በመቶ ነው፤ በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ ይላል፣ በድምሩ 1,100 ሜትር ያህል። ሜዳማ በሆነችው ከተማችን እግር የሚፈትን ዳገት ቢፈለግ ቤዛዊት ነው፤ እሱም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ በስክሪኑ ጥግ ላይ የሚወጡትን ኪሎ ሜትርና መቶኛ ያንብቡ። ከ5 በመቶ በታች ሲሆን ተከልሎ መጋለብ ይጠቅማል፣ ቡድኑም አይበተንም። ከ8 በመቶ በላይ ሲሆን ሁሉም በራሱ እግር ይቀራል።

ክሮኖን መናቅ

እያንዳንዱ ብቻውን ከሰዓት ጋር የሚወዳደርበት ቀን አሰልቺ ይመስላል፤ ብዙ ሰውም ያልፈዋል። ሆኖም ትልልቆቹ ግልበጣዎች የተፈጸሙት በዚህ ቀን ነው። በ1989 ሎራን ፊኞን በ50 ሰኮንድ እየመራ ፓሪስ ገባ፤ ግሬግ ለሞንድ 24.5 ኪሎ ሜትር በሆነው ክሮኖ 58 ሰኮንድ ወስዶበት ቱሩን በ8 ሰኮንድ አሸነፈ። በ2020 ፕሪሞዥ ሮግሊች በ57 ሰኮንድ እየመራ 20ኛውን ምዕራፍ ጀምሮ፣ ሲጨርስ በታደይ ፖጋቻር በ59 ሰኮንድ ተበልጦ ነበር። በ2023 ጂሮ ደግሞ ያው ሮግሊች ሞንቴ ሉሳሪ ላይ ካቴናው ወልቆበት እንኳ የ26 ሰኮንድ ልዩነት ገልብጦ በ14 አሸንፏል።

አመራሩ ያለው የሚነሳው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ሙሉ ቀን መቀመጥ አያስፈልግም፤ የመጨረሻዎቹ አሥር ሰዎች ይበቃሉ። ወረቀት ይያዙና በየመካከለኛው የሰዓት መለኪያ ቦታ የሁለቱን ሰዓት ጎን ለጎን ይጻፉ። ስክሪኑ የሚያሳየው አረንጓዴና ቀይ ቁጥር የዕለቱን ደረጃ ብቻ የሚመለከት ሊሆን ይችላል፤ ጠቅላላውን ልዩነት ራስዎ መደመር አለብዎት። ሁለተኛው ሰው 50 ሰኮንድ ወደ ኋላ ሆኖ ከተነሳና በመንገዱ ግማሽ ላይ 25 ከመለሰ፣ ልብ ድካም ላለበት ሰው ቢቀር ይሻላል።

የመጨረሻው 3 ኪሎ ሜትር እና አረንጓዴው

በሜዳማ ምዕራፍ በመጨረሻዎቹ 3 ኪሎ ሜትሮች የወደቀ ወይም ብስክሌቱ የተበላሸበት ሰው አብሮት የነበረው ቡድን ሰዓት ይሰጠዋል። አዘጋጆቹ አንዳንድ ጊዜ ርቀቱን ይጨምሩታል። ተራራ ጫፍ ላይ በሚያልቅ ቀን ግን ይህ አይሠራም። የሚዘነጋው ነገር፦ ሰዓት ይሰጠዋል እንጂ ነጥብ አይሰጠውም።

በ2024 ይህ ለኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ጉዳዩ ነበር። ሦስት ምዕራፍ አሸንፎ አረንጓዴ ማሊያ ለብሶ ሳለ፣ በ16ኛው ምዕራፍ ኒም ከተማ መግቢያ ላይ ወደቀ፤ ተቀናቃኙ ያስፐር ፊሊፕሰን አሸንፎ ለሜዳማ ምዕራፍ የሚሰጠውን 50 ነጥብ ወሰደ። ከዚያ ወዲያ ያለው ተራራማ መንገድ ለስፕሪንተር፣ ማለትም መድረሻ ላይ በፍጥነት ለሚያሸንፍ ጋላቢ፣ ፈተና ነው። የአሸናፊው ሰዓት ላይ የተወሰነ መቶኛ ተጨምሮ ገደብ ይወጣል፤ አሸናፊው በ5 ሰዓት ቢጨርስና ገደቡ 12 በመቶ ቢሆን ከ36 ደቂቃ በላይ የዘገየ ይሰናበታል፣ ነጥቡም አብሮት ይጠፋል። ቢንያም በዚያ ዓመት ቱሩ እስካለቀበት እስከ ኒስ ደርሶ ማሊያውን የወሰደው ተራሮቹን በገደቡ ውስጥ ስላለፈ ነው። አሸናፊው መስመሩን ሲያልፍ ቴሌቪዥኑን የሚያጠፋ ሰው ይህን ሁሉ አያይም።

ፓሪስ ሰልፍ ብቻ ነው ማለት

ለዓመታት የመጨረሻው ቀን ቢጫ ለባሹ የማይነካበት ቀን ነበር፤ ፎቶ፣ ሻምፓኝ፣ ከዚያ የስፕሪንተሮች ሩጫ። በ2025 ግን አጭሩና ሽቅቡ የሞንማርትር መንገድ ሦስት ጊዜ ተጨመረ። ዝናብ ስለነበር የጠቅላላው ደረጃ ሰዓት መስመሩ ከመድረሱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በፊት ተያዘ፤ ስለዚህ ቢጫው የፖጋቻር መሆኑ ተረጋገጠ፣ እሱ ግን መፋለሙን አልተወም። ቫን አርት በመጨረሻው የሞንማርትር ሽቅብ ላይ ጥሎት ሄዶ ብቻውን ደረሰ። ይህ ምዕራፍ ዘግይቶ ስለሚነሳ የሚያልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፎ ነው፤ ማሳያ ቤቱን እስከ 12 ሰዓት ብቻ ከያዙት አይበቃዎትም።