በግል የሠርግ ፎቶ ሥራ፦ ከቀብድ እስከ ርክክብ

የዕቃ ወይም የስቱዲዮ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ያልወጣለትን ነገ ይደግመዋል። ቀለበት ግን የሚጠለቀው አንዴ ነው። በዚህ ምክንያት የሠርግ ፎቶ አንሺ አብዛኛው ድካም ካሜራው ከመነሳቱ በፊትና ከተቀመጠ በኋላ ያለው ጥንቃቄ ነው፤ እኛም ሰፊውን ቦታ ለእሱ እንሰጣለን።

1. ቀኑን በውል ይያዙ

ቀን ተያዘ የሚባለው ቀብድ ሲከፈልና ውል ሲፈረም ነው። ለዚያ ቀን የሚመጣውን ሌላ ሥራ ስለሚመልሱ፣ ቀብዱ ከጠቅላላው ዋጋ ከሲሶ እስከ ግማሽ ቢሆን ተገቢ ነው። ውሉ ላይ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ፣ ሰዓቱ ካለፈ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰዓት ስንት እንደሚከፈል፣ ስንት ያለቀለት ፎቶ በስንት ሳምንት እንደሚያስረክቡ፣ ሠርጉ ቢሰረዝ ወይም ቀኑ ቢዛወር ቀብዱ ምን እንደሚሆን፣ እርስዎ ቢታመሙ ማን እንደሚተካዎት ይጻፍ። ጠብ የሚያስነሳው ብዙ ጊዜ «የተነሳው ሁሉ ይሰጠን» የሚለው ጥያቄ ነው። ያልተመረጡትና ጥሬ ፋይሎቹ (ካሜራው ሳይነካ የሚያስቀምጣቸው፣ ኤዲት ያልተደረጉት) የማይሰጡ ከሆነ በግልጽ አስፍሩት።

ዋጋ ሲያወጡ ዕለቱን ብቻ አይቁጠሩ። ለ10 ሰዓት የተነሳ ሠርግ መርጦ ኤዲት ለማድረግ ሌላ ከ20 እስከ 30 ሰዓት በቀላሉ ይወስዳል። ካሜራውም ያልቃል። የብዙ ካሜራዎች ሹተር (ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) ከ150,000 እስከ 200,000 ክሊክ እንዲያገለግል ታስቦ የተሠራ ነው። በአንድ ሠርግ 2,500 ጊዜ የሚጫን ሰው በዓመት 40 ሠርግ ከሠራ 100,000 ይሞላል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ካሜራው ዕድሜውን ጨረሰ ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ሥራ ላይ ለመተኪያ የሚሆን ካልተነሳለት፣ ትርፍ መስሎ የሚታየው ገንዘብ የካሜራው የራሱ ዋጋ ነው።

2. ፕሮግራሙን ከሙሽሮቹ ጋር በሰዓት ይከፋፍሉ

ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተገናኝተው የእያንዳንዱን ክንውን ሰዓትና ቦታ ይጻፉ። ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚበላው የቤተሰብ ፎቶ ነው። አንድን ቡድን ጠርቶ፣ አሰልፎ፣ አንስቶ ለመሸኘት ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይፈጃል፤ 12 ቡድን ካለ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ዝርዝሩን በስም ያስጽፉና ዘመዶቹን በመልክ የሚያውቅ አንድ ሰው ከእያንዳንዱ ወገን ይመደብልዎት። እርስዎ «የሙሽሪት አክስት» ብለው ቢጣሩ አራት ሰው ይመጣል። አረጋውያንና ሕፃናት ያሉባቸውን ቡድኖች አስቀድሙ፤ ቶሎ ይደክማሉ።

ሥነ ሥርዓቱን የሚመራውን ሰውም አስቀድመው ያነጋግሩት። የት መቆም እንደሚቻል፣ ፍላሽ ይፈቀድ እንደሆነ በዕለቱ መከራከር አይቻልም። ቪዲዮ የሚቀርጽ ካለ ማን ከየት በኩል እንደሚቆም ከእሱ ጋር ይስማሙ፤ ካልሆነ ቀኑን ሙሉ አንዱ የሌላው ፎቶ ውስጥ ይገባል።

3. ቦርሳውን ከዋዜማው ያዘጋጁ

ሁለት ካሜራ ግዴታ ነው። ሁለተኛው በውሰት ወይም በኪራይ ሊሆን ይችላል፤ ያለ እሱ ግን ሠርግ መቀበል የሰው አደራ ላይ መጫወት ነው። ከ24–70 ሚሜ ያለው ሌንስ አብዛኛውን ይሠራል፤ ከ70–200 ሚሜ ያለው ከሩቅ ለሚነሳው ሥነ ሥርዓት፣ 35 ወይም 85 ሚሜ ደግሞ ብርሃን ሲያንስ። ከዚያ ሁለት ፍላሽ፣ ለእያንዳንዱ ካሜራ ቢያንስ ሦስት ባትሪ፣ ቻርጀርና ማራዘሚያ ገመድ።

ፎቶው የሚቀመጥበትን የሚሞሪ ካርድ መጠን አስልተው ይያዙ። የአንድ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ጥሬ ፋይል ወደ 30 ሜጋባይት ስለሚሆን 2,500 ፎቶ 75 ጊጋባይት ይደርሳል። ካሜራው ሁለት የካርድ ማስገቢያ ካለው እያንዳንዱ ፎቶ በሁለቱም ላይ እንዲጻፍ ያድርጉ፤ አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው እንዲያልፍ ማድረግ ሁለተኛውን ማስገቢያ ከንቱ ያደርገዋል። ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን በሚያነሱበት ካሜራ ላይ ፎርማት ያድርጉት።

ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ትንሽ ነገር አለ፤ የሁለቱን ካሜራዎች ሰዓት እስከ ሰከንዱ ያመሳስሉ። ሰባት ደቂቃ ቢለያዩ፣ ፋይሎቹ ሲደባለቁ ሙሽሪት ከመግባቷ በፊት ተቀምጣ ትገኛለች፤ ያንን አንድ በአንድ ማስተካከል ሌሊት ይፈጃል።

4. ብርሃኑን ይቅደሙት

ወደ አዳራሹ ከእንግዶች በፊት ይግቡና ጥቂት ፎቶ ይሞክሩ። የሹተሩን ፍጥነት ለሚራመድ ሰው ከ1/200 ሰከንድ፣ ለሚጨፍር ያለ ፍላሽ ከ1/500 በታች አይውረዱ። ብርሃን ካነሰ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) እስከ 3,200 ወይም 6,400 ከፍ ማድረግ ይሻላል፤ ምስሉ ላይ የሚመጣው ነጠብጣብ (ኖይዝ) በኤዲት ይቀንሳል፤ የተንቀሳቀሰ ፊት ግን አይድንም።

የኤልኢዲ መብራት ተደጋጋሚ ችግር ያመጣል። በ50 ኸርዝ የሚሠራ የመብራት ኃይል ብርሃኑን በሰከንድ 100 ጊዜ ያርገበግበዋል። ዓይን አያየውም፤ ፎቶው ላይ ግን አንዱ ደማቅ፣ ቀጣዩ ጨለማ ወይም ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ሰዎቹ እምብዛም በማይንቀሳቀሱበት ጊዜ 1/100 ወይም 1/50 መጠቀም ያስተካክለዋል፤ ኃይሉ 60 ኸርዝ ከሆነ 1/125 ወይም 1/60። ምስሉ ላይ አግድም መስመር ከታየ ደግሞ ድምፅ አልባውን ኤሌክትሮኒክ ሹተር ትተው ወደ ሜካኒካሉ ይመለሱ። የሌዘር መብራት ካለ ጨረሩ በቀጥታ ወደ ሌንሱ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ ሴንሰር ያቃጥላል፣ ጥገናውም ከባድ ነው።

ፍላሹን ፊት ላይ በቀጥታ አይልቀቁት። ጣሪያው ነጭና ከፍታው ከ3 እስከ 4 ሜትር ከሆነ ወደ ላይ አዙረው ያንጥሩት። ጣሪያው ቀለም የተቀባ ከሆነ ያው ቀለም ፊት ላይ ይወርዳል፤ ያኔ ነጭ ግድግዳ ይፈልጉ።

የሙሽሪት ነጭ ቀሚስ ካሜራውን ያታልለዋል። ምስሉን የሞላውን ነጭ ወደ ግራጫ ሊያወርደው ስለሚሞክር ፊቷ ይጨልማል፤ በተለይ ጠቆር ያለ ፊት ጠፍቶ ይቀራል። በካሜራው የብርሃን ማስተካከያ ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል) ይጨምሩ፤ ከዚያም ነጭ የተቃጠለበትን ቦታ በብልጭታ የሚያሳየውን ማስጠንቀቂያ አብርተው ቀሚሱን ይከታተሉ። ጥልፉ ከጠፋ አይመለስም። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ሁሉንም ጥላ ውስጥ ያስገቡ። ግማሹ ሰው ጥላ፣ ግማሹ ፀሐይ ላይ የቆመበትን ፎቶ በኤዲት ማዳን አድካሚ ነው፤ ውጤቱም ደስ አይልም።

ለቡድን ፎቶ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 5.6 እስከ 8 ያድርጉ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት ግን ይጠባል። በኤፍ 2 ሦስት ረድፍ ሰው ካነሱ የኋለኞቹ ይደበዝዛሉ። በጣም ሰፊ ሌንስም ዳር የቆሙትን ያወፍራል፤ ወደ ኋላ ሸሽተው በ35 ወይም 50 ሚሜ ያንሱ። ዓይን የሚጨፍን ሰው አይጠፋምና ለእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ አምስት ጊዜ ይጫኑ።

5. በዕለቱ

ምቹ ጫማ ያድርጉ፣ ውኃ ይያዙ፣ ምግብ የሚበሉበትን ሰዓት ውሉ ውስጥ ያስገቡ። ስድስት ሰዓት ሠርቶ የተራበ ፎቶ አንሺ ቅጽበት ያመልጠዋል። ፕሮግራሙ ሲዘገይ ምን እንደሚቀነስ ለሙሽሮቹ ሳይሆን ለሚዜው ይንገሩ።

6. በዚያው ሌሊት ቅጂ ያድርጉ

ምንም ቢደክሙ ሳይተኙ የሚሠራ ነው። ፋይሎቹን ወደ ኮምፒውተር፣ ከዚያ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ፤ ሦስተኛውን ቅጂ ከቤትዎ ውጭ ወይም ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጡ። ሦስቱም አንድ ቤት ውስጥ ከሆኑ ሌባ ወይም እሳት ሁሉንም አብሮ ይወስዳል። ተገልብጧል ብለው ከማመንዎ በፊት የፋይሎቹን ቁጥር ያስተያዩ፣ ከመጀመሪያው፣ ከመሐሉና ከመጨረሻው ጥቂቶቹን ከፍተው ይዩ። ካርድ ተበላሽቶ ካገኙት ምንም አይጻፉበት፤ ብዙ ጊዜ ፋይሎቹ በማዳኛ ሶፍትዌር ይገኛሉ፤ አዲስ ነገር ከተጻፈበት ግን ተስፋው ይመነምናል።

7. ምርጫና ኤዲት

መጀመሪያ የሚቀሩትን ብቻ ምልክት ያድርጉ፤ የሚጣሉትን መፈለግ ያዘገያል። ከ2,500 ፎቶ ከ500 እስከ 700 ቢቀር በቂ ነው። ቀለም ሲያስተካክሉ ፎቶዎቹን በብርሃናቸው ይቧድኑ፦ የመኝታ ክፍሉ ለብቻ፣ ውጭው ለብቻ፣ አዳራሹ ለብቻ። ከየቡድኑ አንዱን በደንብ ሠርተው ሴቲንጉን ለቀሪዎቹ ይገልብጡ። ቆዳን እስኪላጭ ማለስለስ ሰውየውን ሌላ ሰው ያደርገዋል፤ ብጉርን ማንሳት ይበቃል፣ ማዲያትና ጠባሳን ግን ሳይጠይቁ አይንኩ።

8. ርክክብ

ለኅትመት ሙሉ መጠን ያለው ጄፔግ፣ ለስልክ ደግሞ ረጅሙ ጎን 2,048 ፒክስል የሆነ ሁለተኛ ፎልደር ይስጡ። የካሜራው ምስል 3 ለ 2 ስለሆነ 20 በ 25 ሴንቲሜትር ሲታተም ከዳር ይቆረጣል፤ ቡድን ሲያነሱ ዳር ላይ ክፍት ቦታ መተው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። አልበሙን ከማሳተምዎ በፊት ዲዛይኑን ያሳዩና ስምና ቀኑን ጨምሮ ትክክል መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጡልዎት፤ ከታተመ በኋላ የተገኘ የፊደል ስሕተት ከኪስዎ ይከፈላል። ካርዶቹ ፎርማት የሚደረጉት ሙሽሮቹ ፎቶዎቹን ተቀብለው መክፈታቸውን ሲነግሩዎት ነው።