ጂኤችሲአይ ሲነሳ ኤክስቴንሽኖቹም አብረው እንዲነሱ

በኅዳር ማታ ደብረ ብርሃን ላይ ጣት ይደነዝዛል። ዝተት ደርቤ ሃስኬል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ስለማመድ መብራት ይሄዳል፤ የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ስለቆየ ማሽኑም አብሮ ጥፍት ይላል። መብራቱ ሲመለስ ጂኤችሲአይን፣ ማለትም ሃስኬል እየጻፉ ወዲያው የሚሞክሩበትን ፕሮግራም፣ ከፍቼ ኤክስቴንሽኖቹን (ቋንቋው ላይ ተጨማሪ አጻጻፍ የሚፈቅዱትን)፣ ላምዳኬዝን፣ ታፕልሴክሽንስን፣ ኦቨርሎድድስትሪንግስን፣ አንድ በአንድ እንደ አዲስ ማብራት ነበረብኝ። አንድ ማታ ሦስት ጊዜ ሲደጋገምብኝ መፍትሔ ፍለጋ ገባሁ።

ጂኤችሲአይ ሲነሳ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ አንድ ፋይል ይፈልጋል። ስሙ ነጥብ፣ ወዲያው ተከትለው ጂ፣ ኤች፣ ሲ፣ አይ የሚባሉት አራት ትንንሽ ፊደላት ናቸው፤ ሌላ ምንም የለውም። ከሌለ ፍጠሩት። ሊኑክስ ላይ በነጥብ የሚጀምር ፋይል ስለሚደበቅ አይታይም ብላችሁ አትደንግጡ።

ውስጡ ለእያንዳንዱ ኤክስቴንሽን አንድ መስመር ይበቃል። በስልክ እንደማስጽፋችሁ አድርጌ ልንገራችሁ፦ ኮለን፣ ተጣብቆ ኤስ፣ ኢ፣ ቲ፣ አይ፤ ከዚያ ክፍት ቦታ፤ ሰረዝ፣ ትልቁ ኤክስ፣ ከኤክሱ ሳይለይ የኤክስቴንሽኑ ስም። ስሙ መሃል ክፍተት የለም፤ ላምዳኬዝ ከሆነ የላምዳው ኤል እና የኬዙ ሲ ትልልቅ ናቸው።

መጨረሻ ላይ ያለችውን አይ አደራ እንዳትረሷት። እኔ መጀመሪያ ያለ እሷ «ሴት» ብቻ ብዬ ነበር የጻፍኩት። እኔ ጋ ያለ እንከን የሚሠራውን የኮድ ፋይል ደብረ ሲና ላለው ጓደኛዬ ስልክለት፣ እሱ ጋ ቴክስት የሚባለው የጽሑፍ ዓይነት በሚጠበቅበት ቦታ ሁሉ ስትሪንግ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ነው የሰጠኸኝ እያለ ስህተት ይደረድራል። ሁለት ቀን የእሱን ማሽን ስንመረምር ቆየን። ጥፋቱ የእኔ ነበር። «ሴት» የሚያበራው ኤክስቴንሽን ለምትጭኗቸው ፋይሎችም ይደርሳል፤ ስለዚህ በጥቅስ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ቴክስትም እንዲሆን የሚፈቅደውን ኦቨርሎድድስትሪንግስን የኮድ ፋይሌ ራሱ እንዳልጠየቀ አላየሁም። «ሴቲ» ግን በፕሮምፕቱ (ጂኤችሲአይ ውስጥ ትእዛዝ በሚጻፍበት መስመር) ላይ የምትጽፉትን ብቻ ነው የሚነካው። የኮድ ፋይሉ የሚፈልገውን ፋይሉ አናት ላይ፣ ሞጁል ከሚለው መስመር በላይ፣ በላንጉዌጅ ፕራግማ (ኤክስቴንሽኑን ለዚያ ፋይል በሚያበራ መስመር) ጻፉለት።

የጻፋችሁት መነሳቱን ለማየት ኮለን ብላችሁ «ሾውአይ» ከዚያ «ላንጉዌጅ» በሉ፤ የበሩት ይዘረዘራሉ። በነጥብ የሚጀምረውን ፋይል ሌላ ሰው ሊጽፍበት ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣ ጂኤችሲአይ ትቶታል ማለት ነው። ፋይሉ ትእዛዝ የሚያስፈጽም ስለሆነ ጥንቃቄው ተገቢ ነው። የቡድንና የሌሎችን የመጻፍ ፈቃድ ከፋይሉ ላይ አንሱ፣ ይስተካከላል።

አሁን ለደብረ ሲና ምንም ከመላኬ በፊት ጂኤችሲአይን «ሰረዝ ኢግኖር ሰረዝ ዶት ሰረዝ ጂኤችሲአይ» ብዬ አስነሳዋለሁ። እንዲህ ሲነሳ የእኔን ፋይል አያነብም፤ ኮዴ እዚያ ላይ ከተጫነ እልከዋለሁ።